የ«ኮምፖስት» ጆንያ ሳታስዘረግፉ ብር አትስጡ

ከለገጣፎ ነው የምጽፍላችሁ። ክረምቱ ሲቃረብ በአይሱዙ ጭነው «የተብላላ ኮምፖስት» እያሉ ቤት ለቤት የሚዞሩ ሻጮች አሉ። ሁሉም አጭበርባሪዎች ናቸው አልልም። የእኔን በር ያንኳኩት ግን አታለውኛል፤ በእናንተም እንዳይደርስ ነው የምናገረው።

የእኔ ግቢ ዋልካ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ደግሞ ቦቲ ይዞ ይቀራል። ለእንዲህ ዓይነቱ አፈር ጥሩ ኮምፖስት መድኃኒቱ ነው፤ የተጠቀጠቀውን ያላላዋል፣ ውሃም ያሳልፋል። ስለዚህ ሻጮቹ ሲመጡ ደስ ነው ያለኝ። ከላይ ያለውን ጆንያ ፈተው አሳዩኝ። ጥቁር ነው፣ ልል ነው፣ ዝናብ የነካው ጫካ ይሸታል። 40 ጆንያ፣ አንዱን በ350 ብር ተስማማን። 14,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። አራት የጽጌረዳ ችግኝ መረቁልኝና ሄዱ።

በማግስቱ መደቡን መቆፈር ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ አምስት ጆንያዎች ያየኋቸው ዓይነት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰጋቱራ ነው። ገና ቀለሙ ያልተለወጠ የእንጨት ቤት ሰጋቱራ፣ ከመሠረት ቁፋሮ በወጣ አፈርና በእርጥብ የዶሮ ኩስ የተለወሰ። የብሎኬት ስባሪ ሁሉ ነበረበት። «አፈር ውስጥ ይበሰብሳል» ብዬ ግማሹን ቀላቀልኩት። ይህን እንዳትደግሙት።

ትኩስ ሰጋቱራ አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። የሚወስዱት ደግሞ ከዚያው አፈር፣ ከተክሉ ድርሻ ላይ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ በሶብላዬ ከሥር ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ያልተብላላ የዶሮ ኩስ በበኩሉ ሥር ያቃጥላል። የኮሰረቱ ቅጠል ዳር ዳሩን ደረቀ። ከሁሉም የከፋኝ ጤና አዳሙ ነው። እናቴ ከራሷ ጓሮ ቆርጣ የሰጠችኝ ነበር፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ስኒው ላይ ጣል የምናደርገው ከእሱ ነበር። እስከ ሥሩ ደረቀ።

የተመረቁልኝን ጽጌረዳዎች ሳብ ሳደርጋቸው በእጄ መጡ። ሥር የላቸውም። ቅርንጫፍ ቆርጠው አፈር ላይ ሰክተው ነው የሰጡኝ።

ስልካቸው ሁለት ቀን ጠራ፣ ከዚያ ተዘጋ። የሸማቾች ጥበቃን የያዘው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ግን ማንን ልጠይቅ? ደረሰኝ የለኝም፣ አድራሻ የለኝም፣ የመኪናውን ታርጋ እንኳ አልያዝኩም። እናንተ ቢያንስ ታርጋውን በስልካችሁ አንሱት።

ለመለየት ከባድ አይደለም። ከላይ ያለውን አትመኑ፤ ከጭነቱ ሥር ያለውን ጆንያ አስወርዱና መሬት ላይ አስዘርግፉ። ከዚያ እጃችሁን መሐሉ ውስጥ አስገቡ። ትኩስ ከሆነ ገና እየተብላላ ነው። አፍንጫ የሚሰረስር የሽንት ሽታ ካለው ኩሱ አልበሰለም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፌጦ ነው። ሁለት ሃይላንድ ቆርጣችሁ በአንዱ የሻጩን ኮምፖስት፣ በሌላው የግቢያችሁን አፈር ሙሉ። በሁለቱም ላይ እኩል ፌጦ በትኑ፣ ውሃ አርከፍክፉ። ፌጦ ቶሎ የሚበቅል ዘር ነው፤ በሦስት በአራት ቀን መልሱን ታያላችሁ። እኔ ዘግይቼ ነው የሞከርኩት። ከ30 ፍሬ በእነሱ «ኮምፖስት» ላይ የበቀለው አራት ብቻ ነው። በዋልካው ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወጣ። ሻጩ እውነተኛ ከሆነ አንድ ፌስታል ናሙና ሰጥቶ በሳምንቱ ቢመለስ ምንም አይጎዳውም።

እንደኔ ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሉት፣ ከአፈርም አትቀላቅሉት። ጥግ ላይ ከምሩት፣ እርጥብ ሣርና እበት ጨምሩበት፣ እርጥበቱን ጠብቁ፣ በየጊዜው አገላብጡት። ሰጋቱራ ቶሎ አይበሰብስም፤ ወራት ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ለመደቡ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዙ። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ አራት ጣት ያህል ራቅ አድርጉት፤ አለበለዚያ በክረምት ግንዱ ይበሰብሳል።

ትናንት አንዲት ጎረቤቴ እሷም ቀብድ መክፈሏን ነገረችኝ። ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ ቀሪውን ከመስጠታችሁ በፊት ከታች ያለውን ጆንያ አስዘርግፉ። እምቢ ካሉ ቀብዱ ይቅር፣ መኪናውን ግን አታስገቡ።