ምስጋና ለአንዲት የደብረ ብርሃን ጸሐፊ (ማኅበር ያላችሁ አንብቡት)

«ስሜን እንዳይጽፉብኝ» ብላኛለች። ስለዚህ «ልጅቷ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አላት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ የእንግዳ ዱካ። ሥራዋ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውልና የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ መተየብ ነው። ለእኛ ማኅበር የሠራችው ግን ከትየባ በላይ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ማኅበራችን ትንሽ ናት። በአንድ እድር ያለን ሰባት ሰዎች ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን እንርዳ ብለን ያቋቋምናት ናት። ከሰባታችን አራቱ ጡረተኞች ነን። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ኖሬ ነው የወጣሁት። የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉኝም የእጅ ጽሑፉ ያምራል ብለው ነው።

ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ብቻውን ለሚኖር ሽማግሌ ሌሊቱ ይረዝማል። ስለዚህ የመጀመሪያ ሐሳባችን ብርድ ልብስ ማደል ነበር። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ተቀምጠን ሌላ ምን ሊታየን?

ገንዘብ ግን የለም። ትልልቆቹ ድርጅቶች በተፈናቃዮች ጉዳይ ተጠምደዋል፤ ተገቢም ነው። በዚህ መሃል ስለ አንድ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ሰማን። ነጋዴው፣ እድሩ፣ ውጭ አገር ያለው የሰሜን ሸዋ ልጅ ያዋጣውን ገንዘብ በአንድ ቋት ይሰበስብና እንደኛ ላሉ ትንንሽ ማኅበራት በድጋፍ መልክ ይሰጣል። ስሙን አልጠራም። ሁለተኛው ማመልከቻችን እጃቸው ላይ ስላለ ማሽቃበጥ ይመስልብኛል።

እዚህ ላይ ሞኝነታችንን ልንገራችሁ። «ፕሮፖዛል ጸሐፊ ነኝ» የሚል ሰው አገኘንና ከኪሳችን አዋጥተን 15,000 ብር ከፈልነው። 23 ገጽ ሰጠን። የፕላስቲክ ሽፋን ያለው፣ በወጉ የተጠረዘ፣ ሲያዩት የሚያስደስት። ልጅቷ ጋ የሄድኩት ይህንኑ ሦስት ቅጂ ላስደርግ ብቻ ነበር። ማሽኑ ላይ እያገላበጠች ሳለ ድንገት ቆም አለች።

«ጋሼ፣ አርባ ምንጭ ቅርንጫፍ አላችሁ እንዴ?»

«ኧረ የለንም!»

ገጽ 14ን አዙራ አሳየችኝ። የአርባ ምንጭ ከተማ ወጣቶችን በሙዝ ንግድ ስለማደራጀት ያወራል። ሰውየው የሌላ ማኅበር ወረቀት ላይ ስም ቀይሮ ነው የሸጠልን። ሽማግሌዎቻችንን ከሙዝ ጋር አጋብቷቸዋል። ላብ አጠመቀኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኮፒውን አድርጎ ሒሳቡን ይቀበል ነበር። እሷ ዱካውን ገፋ አደረገችልኝና «ይቀመጡ» አለችኝ።

«ሰዎቹ የሚፈልጉት ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ።»

«ጠይቃችኋቸዋል?»

አልጠየቅናቸውም። እውነቱን ለመናገር መጠየቅ እንዳለብን ትዝም አላለን።

በማግስቱ ጠባሴ በኩል ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ሄድን። አልጋቸው ላይ አራት ብርድ ልብስ ተደርቧል። አንዱ ገና ከላስቲኩ አልወጣም። ከሥር ደግሞ የድሮ የመንዝ ዝተት አለ።

«እማማ፣ ብርድ ልብስ ልናመጣልዎት አስበን ነበር» አልኩ እያፈርኩ።

«አምጡ፣ ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው «ልጄ፣ በየበዓሉ ይመጣሉ። ያለብሱኛል፣ ፎቶ ያነሡኛል፣ ይሄዳሉ። የሚያጥብልኝ ግን የለም» አሉኝ።

ዝተቱን አንሥቼ ላየው ብዬ ጎተትኩት። ደረቁ እንኳን ክንድ ያዝላል። ውሃ የጠጣ የሱፍ ዝተት ሁለት ጎልማሳ ተጋግዞም አያነሣው፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት እንዴት ያጥቡት? ጭስ ጭስ ይሸታል። ቁንጫው ደግሞ ወዲያው እጄ ላይ ወጣ። እማማ ሌሊቱን ሲያኩ ነው የሚያድሩት። እኛ ከተማ ውስጥ ተቀምጠን በብርድ ነው እንቅልፍ ያጡት ብለን ደምድመናል።

የዚያን ቀን ስምንት ቤት ዞርን። ሰባቱ ጋ ታሪኩ ያው ነው።

ልጅቷ 23ቱን ገጽ ወደ 4 አወረደችው። አጻጻፏን ማየት ነበረባችሁ። እኔ አንድ ዐረፍተ ነገር በተናገርኩ ቁጥር እጇ ይቆማል። «የአረጋውያንን ሁለንተናዊ ተጠቃሚነት በዘላቂነት ማረጋገጥ» አልኩ። ቆንጆ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ልታደርጉ ነው?»

«ብርድ ልብስና ልብስ ልናጥብላቸው።»

«እሱን እጽፋለሁ።»

በጀቱም እንዲሁ ነው የተሠራው። ሳሙና በካርቶን፣ ውሃ በጀሪካን፣ ለሁለት አጣቢ ሴቶች የቀን ሒሳብ። «የታጠበው ዝተት በምን ይመለሳል፣ በትከሻ?» ስትለኝ ነው የጋሪ ኪራይ ትዝ ያለኝ። እኔ ደግሞ «የስብሰባ አበልና ሻይ ቡና» የሚል መስመር አስገብቼ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ እሷም ይህን ታውቃለች። «20 ድረስ ይቻላል» ብዬ ተከራከርኩ። «ይቻላል። ሰባት ሰው ሻይ ጠጥቶ ምን ያህል ዝተት ይታጠባል?» አለችና አጠፋችው። ሻያችንን እስካሁን ከኪሳችን ነው የምንጠጣው።

የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የሚባለው ነገር ለእኔ አዲስ ነበር። ጡረተኛ ነኝና ጊዜ አለኝ፤ አነበብኩ። የመጀመሪያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1914 አሜሪካ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ ከተማ ነው። ያሰበው ፍሬደሪክ ጎፍ የሚባል የባንክ ሰው ነው። ሀብታም ሰው ሲሞት ገንዘቡን «ለዚህ ጉዳይ ብቻ ይሁን» ብሎ ይናዘዛል። ዘመን ይለወጣል፣ ያ ችግር ይጠፋል፤ ገንዘቡ ግን በሟቹ ቃል ታስሮ ይቀራል። ጎፍን ያናደደው ይሄ ነው። ገንዘቡ በአንድ ላይ ይሰብሰብ፣ የከተማው ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ በየጊዜው ያለውን ችግር እያየ ያከፋፍለው አለ። የእማማን ከላስቲክ ያልወጣ ብርድ ልብስ ሳስብ ጎፍ ትዝ ይለኛል። የኛ አገር ሰውም ቢሆን በጋራ መያዝና ተመካክሮ መወሰን አይጠፋውም። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዓመታት ዘግቶ ጠብቆ ሲቸግር ተማክሮ የሚከፍት ነው።

ማመልከቻው ገባ። ከፋውንዴሽኑ አንድ ባለሙያ መጣ። እኛ ሰባታችን ከረባት አድርገን ተሰልፈን ጠበቅነው። እሱ ሰላም ብሎን አልፎ እማማ ቤት ገባና ከሳቸው ጋር ሲያወራ አረፈደ። ምን እንዳሉት አላውቅም። ከወር በኋላ 120,000 ብር ተፈቀደልን፣ በሁለት ዙር የሚለቀቅ። በማኅበሩ ስም ለብቻው የባንክ ሒሳብ ይከፈት፣ ሦስት ሰው ይፈርም ተባልን።

ፋውንዴሽኑን ሳመሰግን አንድ ቅሬታም አለኝ። የሪፖርት ቅጹ ግማሹ በእንግሊዝኛ ነው። ገንዘቡ የሰሜን ሸዋ፣ ተረጂው የሰሜን ሸዋ፣ ቅጹ ለማን ነው? በቃልም በጽሑፍም ነግሬያቸዋለሁ። «እናየዋለን» ብለዋል።

የልጅቷን ሙያ በደንብ ያየሁት ገንዘቡ ከተለቀቀ በኋላ ነው። ሳሙናው ከሱቅ በደረሰኝ ተገዛ። ጋሪ ነጂው ግን ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ለዚህ አንድ ወረቀት አዘጋጀችልን። ቀን፣ ከየት ወደ የት፣ ስንት ብር፣ የተቀባዩ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ ሁለት የማኅበሩ ምስክሮች። ከመጠቀማችን በፊትም «ይህን ትቀበላላችሁ?» ብለን ለፋውንዴሽኑ በደብዳቤ እንድንጠይቅ አደረገችን። ተቀበሉ። ጋሪ ነጂው የመጀመሪያ ቀን ጣቱን ቀለም ስናስነካው «ምነው፣ መሬት ልትሸጡብኝ ነው?» ብሎ ሊሸሽ ነበር። አሁን ራሱ ነው ጣቱን ዘርግቶ የሚመጣው።

ሐምሌ ገባ። ሦስት ሳምንት ፀሐይ የሚባል ጠፋ። የታጠበው አልደርቅ አለ፤ እርጥብ ዝተት ደግሞ ቶሎ ይሸታል። ሥራው ቆመ። ሪፖርት የሚገባበት ቀን ደርሷል። ልጅቷ ጋ ተቀምጬ «ሥራው በተያዘለት ዕቅድ መሠረት እየተከናወነ ይገኛል» አልኩ። የስንቱን ተማሪ ኩረጃ ስቆጣጠር የኖርኩ ሰው!

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። «ይሄን አልተይብም።»

ተናደድኩ። የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ አይደል? ወጥቼ ሄድኩ። ዝናብ ስለነበር ግን ሩቅ አልሄድኩም። ተመልሼ ስገባ ጀምራ ጠበቀችኝ። እጥበቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ፣ ስንት ብር እንዳልወጣ። ከዚያ ወደ በጀቱ ተመለሰች። ክረምት ስለሆነ የዝናብ ውሃ እያጠራቀምን ነበርና የውሃው ሒሳብ ተርፏል። ያ ገንዘብ ለማድረቂያ መጠለያ፣ ለላስቲክ፣ ለእንጨትና ለገመድ ይዛወርልን ብለን ጠየቅን። ሳይፈቀድልን አንዲት ብር እንዳንነካም አስጠነቀቀችን። ብዙ ማኅበር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው አለች። ብሩን ለደግ ነገር ያወጡታል፤ ግን ከተፈቀደው መስመር ውጭ። በኦዲት ጊዜ ደግሞ ደግነት አይቆጠርም።

ፈቃዱ በዘጠኝ ቀን መጣ። እስከዚያው የእድራችንን ድንኳን ተበደርን። ተተከለ፣ ገመድ ተወጠረ፣ ዝተትና ብርድ ልብሱ ተንጠለጠለ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ከች አሉ። አንዷ ገና ከሩቅ እንባዋን ጀምራለች። «ማን ነው የሞተው?» ስትል የኛ አጣቢ ከድንኳኑ ውስጥ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ቁንጫው!» አለቻት።

የሁለተኛው ዙር ገንዘብ ያለ ጥያቄ ተለቀቀ። ሪፖርቱን ያነበበው ያው ባለሙያ ደውሎ «እጥበቱ መቆሙን የጻፈው ማነው?» አለኝ። ትንሽ ተንተባተብኩና «ጸሐፊያችን ናት» አልኩት። ስዋሽ አልነበረም፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ።

እንግዲህ በአካባቢያችን እድር፣ የሴቶች ማኅበር፣ የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ያላችሁ፣ ድጋፍ ለመጠየቅ የምታስቡ፣ እሷ ጋ ሂዱ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አድራሻዋን እሰጣለሁ። የምታስከፍለው በገጽ ነው። ከሚገኘው ገንዘብ ላይ ፐርሰንት አትወስድም። እንዲያውም ፐርሰንት ስጡኝ የሚል ጸሐፊ ካጋጠማችሁ ሽሹ ነው የምትለው፤ የድጋፍ ገንዘብ ለተጻፈለት ሥራ ብቻ ነው የሚወጣው። ለእኛ 4 ገጽ ያስከፈለችን ከዚያኛው ሰው 15,000 ጋር ሳስተያየው አሁንም ጨጓራዬን ያመኛል።

ጉድለትም አላት። አፏ ሹል ነው። ሆደ ባሻ ሊቀመንበር ካላችሁ ሌላ ሰው ላኩ። መብራት ከጠፋ ትዘጋለች፤ ስልክም አታነሣም። ማመልከቻ ነገ ይዘጋል ብላችሁ ዛሬ ማታ ከሄዳችሁ አትቀበላችሁም። እኔን ራሴን አንድ ቀን መልሳኛለች። ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የምዝገባ ወረቀታችሁን፣ የመጨረሻውን ቃለ ጉባኤና የጠየቃችኋቸውን ሰዎች ቁጥር ያዙ። «ስንት ቤት ዞራችሁ?» ማለቷ አይቀርም።

ፍላሽ ስትይዙ ቫይረስ የሌለበት ይሁን። የኔ የመጀመሪያ ቀን ሁለቱንም ኮምፒውተሮች አስቁሟል፤ እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች።