«ዮጋና አስማት በ21 ቀን» የሚለውን ጥቅል ለመግዛት ላሰባችሁ

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና አካባቢው ያላችሁ፦ በቴሌግራም እየተሸጠ ያለውን፣ ዮጋንና «ሴሬሞኒያል ማጂክ» የሚባለውን የምዕራባውያን የሥርዓት አስማት አጣምሬ ለጀማሪ አስተምራለሁ የሚለውን የ9,500 ብር ጥቅል አትግዙ። ወረቀቱን፣ የድምፅ ትምህርቱንና ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁለቱንም ነገር የምናውቅ ሰዎች አንድ በአንድ አይተነዋል። ሃይማኖታዊ ክርክር ውስጥ አንገባም፤ ይገባል አይገባም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት። እኛ የምንለው፣ የተሸጠላችሁ ነገር ነው የተባለውን አይደለም፤ አንዳንዱ ክፍሉ ደግሞ ሰው ይጎዳል።

ማጥመጃው የስም ዝምድና ነው። የመጀመሪያው ትምህርት «የአባቶቻችን ጥበብ ወደ ምዕራብ ሄዶ ተመለሰ» ብሎ ይጀምርና ሩፋኤል፣ ገብርኤል፣ ሚካኤል፣ ዑራኤል፣ አዶናይ እያለ ይቀጥላል። ድርሳን ሲነበብ እየሰማ ያደገ ሰው «ይሄማ የእኛው ነው» ብሎ ይዘናጋል። ሥርዓቱ ግን ከብራና ጠልሰም አልተቀዳም፤ የጎጃም ደብተራም አልጻፈውም። እ.ኤ.አ. በ1888 ዌስትኮት፣ ማዘርስና ውድማን የተባሉ ሰዎች ለንደን ላይ ያቋቋሙት «ጎልደን ዶውን» የተባለ ማኅበር ለአዲስ ገቢዎቹ ይሰጠው የነበረ የፔንታግራም፣ ማለትም የባለ አምስት ጫፍ ኮከብ፣ ሥርዓት ነው። በአራቱ አቅጣጫ የሚጠሩት ስሞች ዕብራይስጥ ናቸው። «አግላ» የሚባለው እንዲያውም ስም ሳይሆን የአራት የዕብራይስጥ ቃላት መነሻ ፊደላት ጥርቅም ነው። «ከዚህ በፊት ለማንም ያልተገለጠ ምስጢር» የሚባለውም ሐሰት ነው። እስራኤል ሬጋርዲ የተባለ ጸሐፊ የማኅበሩን ሥርዓቶች እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1940 በአራት ቅጽ አሳትሞ ስላወጣቸው፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ በአደባባይ ያለ ነገር ነው።

ሁለቱን ማጣመር ራሱ የሻጩ ፈጠራ እንዳልሆነ ግን መመስከር አለብን። ከጎልደን ዶውን የወጣው አሌስተር ክሮውሊ እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሎን ላይ፣ ዛሬ ስሪ ላንካ በምንላት አገር፣ ከማኅበሩ ባልደረባው ከአለን ቤኔት ዮጋ ተምሮ ከአስማቱ ሥርዓት ጋር አያይዞታል። ሻጩ ይህን ታሪክ ይጠቅሳል፤ የማይጠቅሰው ክሮውሊ ለአንድ አቀማመጥ ብቻ ያወጣውን መመዘኛ ነው። እስከ አፉ ውሃ የተሞላ ሳህን ራስ ላይ አድርጎ፣ ጠብታ ሳይፈስ አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። ጥቅሉ በ21 ቀን ውስጥ አሥራ አራት አቀማመጥ፣ አራት ዓይነት ትንፋሽና ሦስት ሥርዓት ያስጨርሳል።

ወረቀቱ ላይ ያሉትን ስሕተቶች ሁሉ አንዘረዝርም፤ ሁለቱ ይበቃሉ። «ማባረሪያ» ተብሎ የተሳለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ቀስቱ ከላይኛው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ታችኛው ግራ ይወርዳል። በዚያ ሥርዓት ሕግ ይህ የመሬትን ኃይል መጥሪያ እንጂ ማባረሪያ አይደለም። ማባረሪያው ከታችኛው ግራ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ጫፍ ይወጣል፣ ወደ ታችኛው ቀኝ ይወርዳል፣ ወደ ላይኛው ግራ፣ ወደ ላይኛው ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ሥርዓቱን ታምኑበትም አትመኑበትም፣ ሻጩ የሚሸጠውን እንደማያውቅ ይህ ቀስት ብቻ ይናገራል።

ሁለተኛው ባለ ቀለሙ ሠንጠረዥ ነው። ሰባቱን የዮጋ ቻክራዎች፣ ሰውነት ላይ አሉ የሚባሉትን የኃይል ማዕከላት፣ ከአስማቱ የኃይል ቦታዎች ከ«መካከለኛ ዓምድ» ጋር አንድ ለአንድ ያጋጥማል። መካከለኛው ዓምድ ግን አምስት ቦታ ብቻ ነው ያለው፦ ከአናት በላይ፣ ጉሮሮ፣ ልብ፣ ብልት አካባቢና እግር። ግንባር ላይ ያለው ቻክራና እምብርት አካባቢ ያለው እዚያ ተዛማጅ የላቸውም፤ እግር ላይ ደግሞ ከሰባቱ አንዱም የለም። ሻጩ ሁለት ስም ከራሱ ጨምሮ ቁጥሩን ሞልቶታል።

አሁን ወደሚያሰጋን እንምጣ። የሦስተኛው ቀን ድምፅ እንዲህ ያዛል፦ በርና መስኮት ዝጉ፣ ከሰል አቀጣጥሉና ዕጣኑን ጨምሩ፣ 40 ፈጣን ትንፋሽ፣ ቀጥሎ 4 ቆጥሮ ማስገባት፣ 16 መያዝ፣ 8 ማስወጣት፣ ይህንኑ ሰባት ዙር። እዚህ ትእዛዝ ውስጥ ሦስት አደጋ ተደራርቧል። ፈጣኑ ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከደም ከልክ በላይ ያስወጣል፤ ያኔ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ራስ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል። ጥቅሉ ይህን «ኃይሉ ሲነቃ የሚሰማ ምልክት» ይለዋል። ምልክቱ አቁሙ የሚል ነው። አንድ ለአራት ለሁለት የሚባለው የትንፋሽ ምጣኔም ዓመታት የሠሩ ሰዎች ከመምህር ጋር የሚደርሱበት እንጂ የሦስተኛ ቀን ትምህርት አይደለም።

ከሁሉ የሚብሰው ከሰሉ ነው። በተዘጋ ቤት የነደደ ከሰል ምን እንደሚያደርግ አገራችን ላይ የማያውቅ የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የከሰሉን ጭስ ደግሞ ዕጣኑ ይሸፍነዋል፤ በዚያ ላይ በደቂቃ ብዙ ጊዜ በረጅሙ የሚተነፍስ ሰው ጋዙን ቶሎ ቶሎ ይስበዋል። ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው «መንፈስ ነው» ተብሎ ስለተነገረው በሩን አይከፍትም። ዕጣን ማጨስ ካስፈለገ መስኮቱ ክፍት ይሁን፣ ከሰሉ ውጭ እስኪቀላ ይቀጣጠል፣ የትንፋሽ ልምምዱም ማጨሻው ከቤት ከወጣ በኋላ ይሁን።

ጾምም አለ። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው ይህን ቢሠራ ተዝለፍልፎ ሊወድቅ ይችላል፤ ቆሞ ኮከብ እየሳለ ከሆነ ደግሞ የሚያርፈው ማጨሻው ላይ ነው። ነፍሰ ጡር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ እንዲሁም ሆዱን በቅርቡ የተቀደደ ሰው ፈጣኑን ትንፋሽም መያዙንም አይንካ። በአናት መቆምን ጥቅሉ በሰባተኛው ቀን ያመጣዋል። አንገት ሳይጠነክር አይሞከርም፤ የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ጨርሶ ይተወው።

ሳጥኑን በአጭሩ። የወርቅ ቀለም የተቀባ በትር፣ የነሐስ ጽዋ፣ ትንሽ ጩቤ፣ የእንጨት ክብ ሰሌዳ፣ 200 ግራም «የግብፅ ቤተ መቅደስ ዕጣን» እና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የዮጋ ምንጣፍ (ማት)። ዕጣኑ ገበያ ላይ በልኬት የሚሸጠው የራሳችን ነጭ ዕጣን ነው። በትሩ ተነጥሎ 1,800 ብር ይባላል፤ ዱላ ለጎጃም ሰው በዚህ ዋጋ መሸጥ ድፍረቱ ይገርማል። ደግሞም በጎልደን ዶውን ወግ በትሩን፣ ጽዋውን፣ ጩቤውንና ሰሌዳውን አባሉ ራሱ ሠርቶና ቀብቶ ነው የሚይዛቸው፤ ያውም ከፍ ያለ ደረጃ ሲደርስ። ለጀማሪው ሥርዓት አንድ ጣት ይበቃል።

የገንዘቡ ወጥመድ «ዕቃው አንዴ ከተባረከ አይመለስም» የምትለዋ መስመር ናት። ተባረከ የሚባለው ሳጥኑ ከመላኩ በፊት ነው፤ ስለዚህ መመለስ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም የለም። በ21ኛው ቀን ደግሞ «ሁለተኛ በር» ተብሎ ሌላ 14,000 ብር ይጠየቃል። «ኮከብ ለመቁጠር» ስም፣ የእናት ስም፣ የልደት ቀንና የመታወቂያ ፎቶ ላኩ ይባላል። ኮከብ ቆጣሪ ስምና የእናት ስም እንደሚጠይቅ እናውቃለን፤ የመታወቂያ ፎቶና የፋይዳ ቁጥር ግን ለየትኛውም ቆጠራ አያስፈልግም።

ነገሩን መሞከር የቆረጠ ሰው ያለ ምንም ግዢ ሊጀምር ይችላል። ለመጀመሪያው ወር ዮጋ ብቻ፦ ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ምግብ ከተበላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቆይቶ። የደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርድ ስለሆነ ወደ ፊት ከማጎንበስ በፊት 10 ደቂቃ ሰውነት ማሟሟቅ ያስፈልጋል። ሲሚንቶ ወለል ላይ ጋቢ አጥፋችሁ ጉልበታችሁ ሥር አድርጉ፤ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ቀጭን ማት ይሻላል። ትንፋሹ 4 ቆጥሮ ማስገባት፣ 4 ቆጥሮ ማስወጣት፣ ሳይያዝ፣ 5 ደቂቃ። በሁለተኛው ወር የፔንታግራሙን ሥርዓት ለብቻው፣ በሌላ ሰዓት፣ ፊትን ወደ ምሥራቅ አድርጎ፤ ሩፋኤል በፊት፣ ገብርኤል በኋላ፣ ሚካኤል በቀኝ፣ ዑራኤል በግራ። ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ማጣመሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ሥርዓቱ ቀድሞ፣ ቁጭ ማለቱ ተከትሎ። ስም በረጅሙ እየጠሩ ትንፋሽ መያዝ የለም።

የከፈላችሁ ደግሞ የሁለተኛውን በር ገንዘብ አትላኩ። ቻናሉ ሳይጠፋ ዋጋውን፣ «አይመለስም» የምትለውን መስመርና የተጻጻፋችሁትን በስክሪንሾት ያዙ፤ የቴሌብር ወይም የባንክ ዝውውር ቁጥሩን ለዩ። ደረሰኝ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። እምቢ ካለ ማስረጃውን ይዛችሁ ከተማችሁ ንግድና ገበያ ልማት ሂዱ። የመታወቂያ ፎቶ የላካችሁ ለባንካችሁ ዛሬውኑ አሳውቁ፤ በስልክ የሚመጣላችሁን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» ላለም ቢሆን፣ አትንገሩ።