ቁመቱ የሚስተካከል ተንጠልጣይ መብራት፦ ከሽፋኑ በፊት የገመድ መያዣውን እዩ

«ቁመቱ ይስተካከላል» ተብሎ የሚሸጥ መብራት ሁሉ በደንብ አይስተካከልም። በብዛት የሚገኘው በጨርቅ የተሸፈነ 2 ሜትር ገመድ፣ ኮርኒስ ላይ የሚታሰር ክብ የብረት ክዳን እና የኢ27 (27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ የሚጠመዘዝ) አምፖል መያዣ ያለው ዓይነት ነው። ለመኖሪያ ቤት ከዚህ የተሻለ አያስፈልግም፤ ግን ጥሩነቱን የሚወስነው ክዳኑ መሀል ላይ ያለችው ትንሽ የገመድ መያዣ ናት። ገመዱ በውስጧ ያልፋል፣ ጎኗ ላይ ያለችው ብሎን ስትጠብቅ ነክሳ ታስቀረዋለች።

ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ብሎኗን ፈታችሁ ጫፏን እዩ። ሹል ብረት ከሆነች አትግዙት፤ ጨርቁን አልፋ የሽቦውን ልባስ ትበሳለች፣ የብረት ክዳኑም ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። የፕላስቲኳ ትሻላለች። የእሷ ችግር ጥርሷ ቶሎ መበላቱ ነው፤ በጣት ካጠበቃችኋት በኋላ በካቻቪቴ ሩብ ዙር ይበቃታል።

ምግብ ጠረጴዛ ላይ የሽፋኑ የታች ጠርዝ ከጠረጴዛው ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይመረጣል። ኮርኒሱ 2 ሜትር ከ60፣ ጠረጴዛው 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና 80 ክፍተት ብትተዉ፣ ከኮርኒሱ እስከ ሽፋኑ ጠርዝ 105 ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ሽፋኑና የአምፖል መያዣው 25 ከወሰዱ ገመዱ 80 ብቻ ነው የሚፈልገው። ሰው ከስሩ የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ ግን ከወለሉ ከ2 ሜትር ከ10 በታች አይውረድ።

የዚህ መብራት ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል፤ የተረፈው 1 ሜትር ከ20 ገመድ ክዳኑ ውስጥ አይገባም። በግድ ከተጠቀጠቀ ክዳኑ ከኮርኒሱ ጋር አይገጥምም፣ ሽቦዎቹም ከማያያዣው ይነቀላሉ። መቋጠርም መፍትሔ አይደለም፤ ቋጠሮው ላይ ሽቦው ይታጠፍና ውሎ አድሮ ይሰበራል። መቁረጥ ነው ያለው። ከመቁረጣችሁ በፊት ትርፉን ጠቅልላችሁ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስራችሁ ሁለት ሦስት ቀን ተጠቀሙበት። ተቀምጣችሁ አምፖሉ ዓይን ከወጋችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ሽፋኑ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ፊት ከጋረደ ከፍ አድርጉት።

ለሥራው ብሬከሩን አጥፉ፣ በቴስተርም አረጋግጡ። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ማጥፋት አይበቃም፤ ማጥፊያው ኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ላይ ተሠርቶ ከሆነ መብራቱ ጠፍቶም ፌዙ (ኤሌክትሪክ የያዘው ሽቦ) እዚያው ይጠብቃችኋል። አምፖሉንና ሽፋኑን አውርዱ፣ ክዳኑን ፍቱ፣ መያዣዋን አላልታችሁ ገመዱን ወደ ላይ ሳቡ። ከመያዣዋ በላይ 15 ሳንቲ ሜትር ተርፎ ይቆረጥ። ጨርቁ እንዳይተረተር የሚቆረጠውን ቦታ ቀድማችሁ በናስትሮ ጠምጥሙት። ሽቦውን 8 ሚሊ ሜትር ያህል ላጡ፣ ክሮቹን ግመዱ፣ አንድም ክር ከማያያዣው ውጪ እንዳይቀር። መጨረሻ ላይ መያዣዋ ሥር ገመዱ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና በማግስቱ እዩት። ምልክቱ ወርዶ ከተገኘ ገመዱ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው፤ መያዣዋ ትቀየር።

ሽፋኑ የብረት ከሆነ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ያለውን ምረጡ፣ የመሬት ሽቦውም ይታሰር። ከ2 ኪሎ በላይ የሚመዝን የመስታወት ሽፋን ገመድ ላይ አይንጠልጠል፤ ለእሱ ከኤሌክትሪክ ገመዱ ሌላ ማንጠልጠያ የብረት ሽቦ ያለው ዓይነት ይሻላል፣ ክብደቱን የብረት ሽቦው ስለሚሸከም ገመዱ አይወጠርም። ኮርኒሱ ቺፕውድ ወይም ጂፕሰም ከሆነም ክዳኑን የሚያስረው ብሎን ከሰሌዳው ጀርባ ያለውን እንጨት ማግኘት አለበት፤ ሰሌዳው ብቻውን አይችለውም።

በእጅ ሳብ ሲያደርጉት የሚወርድና የሚወጣው ባለ ስፕሪንግ ዓይነትም አለ። ምቹ ነው፤ ግን ስፕሪንጉ ለተወሰነ ክብደት የተሠራ ስለሆነ ሽፋኑን በከበደ ከቀየራችሁት ወርዶ ይቀራል፣ በቀለለ ከቀየራችሁት ደግሞ ወደ ላይ ይሸሻል።