በካያክ ባስ ለማጥመድ፦ ሶናር ወይስ የሐይቁ ነባር አጥማጅ?

በካያክ (በመቅዘፊያ በሚነዳ ጠባብ ጀልባ) ባስ የተባለውን ዓሣ ማጥመድ የጀመረ ሰው ውድ ሶናር (በድምፅ ሞገድ የውኃውን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ) ከመግዛቱ በፊት አስጎብኚ ከሚሆነው ነባር አጥማጅ ጋር ግማሽ ቀን ቢወጣ ይሻለዋል። ሶናር ጥልቀቱንና የሰመጠውን ግንድ ያሳያል፤ ባሱ ግንዱን ትቶ ወደ ሣሩ ዳር የሚወጣበትን ሰዓት የሚያውቀው ግን ነባሩ ነው።

ጎበዝ አስጎብኚ ቦታውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይናገራል። ዝም ካለ የውኃውን ሙቀትና የነፋሱን አቅጣጫ ጠይቁት። ባለ ትልቅ አፉ ባስ እንቁላል ለመጣል ወደ ዳርቻው የሚጠጋው ውኃው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው።

ሣር ለበዛበት ቦታ የፕላስቲክ ትል፣ ቁጥር 3/0 መንጠቆና ከ5 እስከ 7 ግራም የሚመዝን ጥይት መሰል የእርሳስ ብረት ማስመጫ ይበቃል። የመንጠቆው ጫፍ ትሉ ውስጥ ካልተደበቀ ሣር እየለቀመ ያስቸግራል።

መልህቅ ከካያኩ ጎን ላይ የሚያስር አስጎብኚ ግን ፈጽሞ አይመከርም፤ ወራጅ ውኃ ወይም ብርቱ ነፋስ ካያኩን ሊገለብጠው ይችላል። ገመዱ ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ ይታሰር፣ መቁረጫ ቢላዋም ከእጅ አይራቅ። የሕይወት አድን ጃኬት ሳያስለብስ የሚነሣ ካለ አብራችሁት አትውጡ።