ባህር ዳር ላይ ቤት ለምትቀይሩ፦ አንድ የቧንቧ ባለሙያ ልጠቁማችሁ

ባህር ዳር ውስጥ አዲስ ቤት ለገባችሁ ወይም ልትገቡ ዕቃ እያሰናዳችሁ ላላችሁ ቤተሰቦች አንድ የቧንቧ ባለሙያ ልጠቁማችሁ ነው፤ በዚያውም በአደባባይ ላመሰግነው። ስሙና ስልኩ እዚህ እንዳይወጣ ስለጠየቀ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። አባይ ማዶም ሆነ ቀበሌ 14 ይመጣል።

«ጎበዝ ነው» ብዬ ብቻ ብተወው አይጠቅማችሁም፤ ጎበዝ ያልተባለ ባለሙያ የለም። ምን እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ እሱን ባታገኙት እንኳ ሌላውን ይህንኑ ጠይቁት።

በተቻለ መጠን ዕቃ ሳይገባ ጥሩት። ቁም ሳጥንና አልጋ ግድግዳ ከያዙ በኋላ የሚያንጠባጥብ መስመር መፈለግ ጣጣው ብዙ ነው። እሱ ሲመጣ መፍቻ ከማውጣቱ በፊት ቆጣሪው ጋ ይሄዳል። ቧንቧዎቹንና ወደ ሮቶው የሚወጣውን መስመር መዝጊያ (ጌት ቫልቭ) በሙሉ ዘግቶ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ተሽከርካሪ ምልክት ያያል። ምንም ሳይከፈት ከዞረች ውሃ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ቀጥሎ ወደ ቤት የሚገባውን ዋና ቫልቭ ይዘጋል፦ ከቆመች ችግሩ ቤት ውስጥ፣ ካልቆመች ግቢው ውስጥ ከተቀበረው መስመር ነው። ሽንት ቤቱ ውሃ የሚያገኘው ከሮቶው ከሆነ ግን ቆጣሪው አያሳብቅም። ለዚያ የፍላሹ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቁር ሻይ ወይም ቡና ያፈስና ማንም ሳይለቀው ግማሽ ሰዓት ያቆየዋል። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀለም ከያዘ ጎሚኒው (ከማጠራቀሚያው ሥር ውሃውን የሚይዘው ላስቲክ) አልቋል ማለት ነው። ጎሚኒ መቀየር ቀላል ሥራ ነው፤ ሳይታወቅ ከቆየ ግን ሮቶ ሙሉ ውሃ ያለ ድምፅ ያስጨርሳል።

ሥራውን በደንብ የሚለየው ሮቶው ላይ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት እያንዳንዱ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም 250 ሊትር ይሄዳል፤ ስለዚህ 1,000 ሊትር ሮቶ ውሃ በጠፋ ጊዜ አራት ቀን ያቆያል። ብዙ ሰው ትልቁን መርጦ ማቆሚያውን ይረሳል። 2,000 ሊትር ማለት ውሃው ብቻ 2 ቶን ነው፣ በአራት እግር ሲካፈል በእያንዳንዱ ላይ 500 ኪሎ ይጫናል። መረሬ መሬት ላይ ደግሞ ክረምት አፈሩ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ እግሩ በቀጥታ አፈር ላይ ካረፈ ማቆሚያው ያዘነብላል። እሱ ጠንካራ መሬት ወይም ድንጋይ እስኪያገኝ ያስቆፍርና በእያንዳንዱ እግር ሥር ኮንክሪት ያስሞላል። ይህን ካልተስማማችሁ ሥራውን አይጀምርም፤ እኔም ልክ ነው እላለሁ።

ከፍታውንም በግምት አይተውም። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ባር ግፊት ይሰጣል። የሮቶው ሥር ከሻወሩ ራስ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ካለ የሚገኘው 0.2 ባር ነው፤ ብዙ የሻወር ማሞቂያ በዚህ ግፊት አይነሳም፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንም በአብዛኛው ከዚያ በላይ ይፈልጋል። «ማሞቂያው ተበላሸ» ተብሎ ሌላ ከሚገዛ መጀመሪያ ከፍታው ይለካ።

አሁን ብዙዎች የሚስቱት ነገር። የመንገዱ (የከተማው መስመር) ውሃ በቀጥታ፣ ሲጠፋ ደግሞ የሮቶው ውሃ በዚያው መስመር እንዲመጣ ከተፈለገ ሁለት ቼክ ቫልቭ፣ ማለትም ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ፣ ያስፈልጋል። አንዱ ከቆጣሪው ቀጥሎ ይገባል፤ እሱ ከሌለ የመንገዱ ግፊት ሲወርድ የሮቶው ውሃ ተመልሶ ወደ መንገዱ መስመር ይሄዳል። ሁለተኛው ከሮቶው መውጫ ላይ ነው። እሱ ከሌለ ሌሊት ውሃ በኃይል ሲመጣ ከታች በኩል ሮቶው ውስጥ ይገባል። ተንሳፋፊው (ሮቶው ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው ኳስ) የሚዘጋው ከላይ የሚገባውን ብቻ ስለሆነ ሮቶው ሞልቶ እስኪነጋ ይፈሳል። በዚህ ምክንያት ደህና ተንሳፋፊ ያስቀየረ ሰው ስንት ነው! የሮቶው መውጫ ላይ ስፕሪንግ ያለው ቼክ ቫልቭ አይሆንም፤ ስፕሪንጉን ለመክፈት ራሱ ግፊት ያስፈልጋልና ያቺኑ ትንሿን ግፊት ይበላታል። በማጠፊያ የሚከፈት ክዳን ያለውን ነው የሚያስገባው።

ሮቶው ሞልቶ ውሃ እንቢ ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ መስመሩ ውስጥ አየር ታስሮ ነው። ቧንቧው ወርዶ እንደገና ሽቅብ ከወጣ ጉብታው ላይ አየር ይቀመጣል። እሱ መስመሩን ያለ ጉብታ ወደታች እያዘቀዘቀ ይዘረጋል፣ ከሮቶው መውጫ መዝጊያ ቀጥሎ፣ ከቼክ ቫልቩ በፊት ደግሞ ከሮቶው አፍ በላይ የሚደርስ ቀጭን የአየር መውጫ ያቆማል።

የፒፒአር (በሙቀት የሚጣበቀው የፕላስቲክ ቧንቧ) ብየዳውን ቆማችሁ እዩት። ማሽኑ 260 ዲግሪ ሲደርስ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩን ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ ባለ 25ቱን 7 ሰከንድ ያሞቃል። ምን ያህል መግባት እንዳለበት አስቀድሞ በእርሳስ ያሰምራል፤ ቀጥ አድርጎ ይገፋል እንጂ አያሽከረክርም፣ ከዚያም ሁለት ደቂቃ ያህል አይነካውም። በላይ ከሞቀ ወይም ከምልክቱ አልፎ ከተገፋ የቀለጠው ፕላስቲክ ውስጡን ያጠብበዋል። ከውጭ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ውሃው ግን ይቀንሳል፣ የቀነሰበትም ምክንያት አይገኝም።

አዲስ ወይም ሲጠቀሙበት ያልነበረ ሮቶ ከመጠጣቱ በፊት ይታጠባል። ውስጡ ተፍቆ ከጠራ በኋላ ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር 5 በመቶ የሆነ፣ ሽቶ የሌለው በረኪና ይገባል። እያንዳንዱ ቧንቧ የበረኪናው ሽታ እስኪደርስ ይከፈትና ይዘጋል፣ ከዚያ 12 ሰዓት ይቆያል። ይህ ውሃ አይጠጣም። ሲለቀቅም ወደ ሴፕቲክ ታንክ አይሂድ፤ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ክዳኑ ይታሰር፣ የትርፍ ውሃ መውጫው አፍ ላይ ደግሞ ትንኝ እንዳይገባ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይደረግ። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ወባ አለ፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ደግሞ ይብሳል። አጎበሩም ከመጋረጃው በፊት ይሰቀል።

ቤቱ ሰው ሳይኖርበት ቆይቶ ከሸተተ ወዲያው ጉድጓድ አታስመጥጡ። የወለሉ ማስወረጃ ሥር ሽታ የሚይዘው ውሃ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሳችሁ ጠብቁ። ለሐይቁ ቅርብ በሆኑ ቦታዎች ግን ክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ስለሚል በደንብ ያልተለሰነ ሴፕቲክ ታንክ ከውጭ ውሃ ይገባበታል። ይህን በመምጠጥ ብቻ አትፈቱትም፤ በበጋ ተፈትሾ ይለሰናል።

አብሮት የሚሠራው ኤሌክትሪሺያንም ምስጋና ይገባዋል። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ይስባል። ለዚህ ለብቻው 4 ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሽቦና ባለ 25 አምፔር ብሬከር ዘርግቶለታል። ምጣድና ምድጃ ባንድ ሶኬት ከሆኑ ሶኬቱ ሊቀልጥ ይችላል። የሻወር ማሞቂያውም የራሱ መስመር፣ ኧርዝና የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የሚቆርጥ ብሬከር አለው፤ ልጆች ያሉበት ቤት ይህን በርካሽ እንዳይተካ።

ሁለቱም የዕቃውን ዝርዝር በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ፣ ከፈለጋችሁበት ሱቅ ራሳችሁ ትገዛላችሁ፣ የእጅ ዋጋ ለብቻ ነው። የቧንቧው ባለሙያ አንድ ጉድለት አለበት፦ ሥራ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሳም። ስለዚህ የቆጣሪውን፣ የሮቶውን መውጫና የማቆሚያውን እግር ፎቶ፣ ቤቱ ስንት ፎቅ እንደሆነና ስንት ሰው እንደሚኖርበት ጽፋችሁ ላኩለት። ማታ ላይ አይቶ ራሱ ይደውላል።