አያት አካባቢ «ኤንዲ 1000» ፊልተር የምትገዙ፣ የታሸገውን እንዳትቀበሉ

ፎቶ አንሺዎች፣ ከአያት ወደ ጣፎ መውጫ ካሉት የካሜራና የስልክ ዕቃ ሱቆች ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ሌንስ ላይ የሚገጠም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፣ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብባችሁ ሂዱ። ብሬ የተበላው ዛሬ ነው፣ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

ነጋዴውን ታውቁታላችሁ፤ «ኦሪጅናል ነው፣ ከዱባይ ነው የመጣው» የሚለው ዓይነት ነው። ለማሳያ መስታወቱ ውስጥ ያስቀመጠው ፊልተር ግን እውነተኛ ነበር። ትራይፖድ በሩ ላይ ዘርግቼ ወደ መንገዱ ፈተንኩት። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 16፣ ያለ ፊልተር ሹተሩ የሚከፈተው ለ1/125 ሰከንድ። ፊልተሩ ሲገጠም 8 ሰከንድ፤ ሂስቶግራሙ (የፎቶውን ብርሃን የሚያሳየው ግራፍ) እኩል መጣ። 10 ስቶፕ ማለት ይኼ ነው፤ አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል፣ አሥሩ ሲደራረብ ከ1000 እጅ ብርሃን አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ፀሐይ ላይ የሚተላለፈው ሕዝብና ሚኒባስ ጠፍቶ አስፋልቱ ባዶ የሚመስለው፣ ያለ ኮምፒውተር እዚያው ካሜራው ላይ፣ በዚህ ነው።

በ4,500 ብር ተስማማን፣ ቆጥሬ ሰጠሁት። ብሩን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ሲያበቃ የፈተንኩትን ፊልተር በገዛ እጁ ከሌንሴ ላይ ፈታው። «ይሄ የተነካካ ነው ወንድሜ፣ አዲሱን ላውጣልህ» ብሎ ከመደርደሪያው ሥር የታሸገ ካርቶን አመጣ። 67 ሚሊ ሜትር፣ ኤንዲ 1000፣ ጽሑፉ ሁሉ አንድ ነው። ከፍተን እንየው ስለው አውራ ጣቱን ፕላስቲኩ ላይ ጭኖ፣ «አዲስ ዕቃ እዚህ አይከፈትም፣ ቤትህ ክፈተው» አለኝ።

ስከፍተው ውስጡ ያለው ኤንዲ 8 ነው፣ ከ8 እጅ ብርሃን አንዱን የሚያሳልፍ። በዚያው ብርሃን 8 ሰከንድ ስሰጠው ፎቶው ተቃጥሎ ነጭ ሆነ። ትክክለኛው ኤክስፖዠር የመጣው 1/15 ላይ ነው፤ ከ1/125 ወደ 1/60፣ ወደ 1/30፣ ወደ 1/15። ሦስት ስቶፕ፣ በቃ! በ1/15 ሰከንድ መንገደኛው አይጠፋም፣ ይደበዝዛል እንጂ። የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ ኤፍ 22 ብትሄዱም የምታገኙት አንድ ስቶፕ ነው፣ የምስሉም ጥራት ይወርዳል። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ዴይላይት ላይ አድርጌ ነጭ ወረቀት ሳነሳበት ደግሞ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አውቶ ላይ ከተዋችሁት ካሜራው ራሱ ያርመውና ጉዱ ይደበቃል።

ይዤ ስመለስ ከስልኩ ላይ ቀና እንኳ ሳይል «ማሸጊያው ተቀዷል» አለኝ። ቤትህ ክፈተው ያለኝ እሱ ራሱ ነው! ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሳሳየው አጠገቡ ያለውን ልጅ ጠቅሶት፣ «ካሜራ ማስተካከል ካልቻልክ እኛ ምን እናድርግህ?» አለ። ያ የፈተንኩት ፊልተር እዚያው መስታወት ውስጥ ተመልሶ ተቀምጧል። እሱን ስጠኝ ስለው «እሱ ለማሳያ ነው፣ አይሸጥም»። ጭራሽ 1,500 ብር ጨምርና የሚዞረውን፣ ጨለማው በማዞር የሚጨመርና የሚቀነሰውን ፊልተር፣ ውሰድ ይለኛል። የሚዞረው ሁለት ፖላራይዘር (ብርሃን የሚያጣራ መስታወት) ተደራርቦ የተሠራ ነው፤ ርካሹን እስከ መጨረሻው አጨልማችሁ በ18 ሚሊ ሜትር ሰፊ ሌንስ ስታነሱ ምስሉ ላይ ትልቅ ጥቁር የኤክስ ምልክት ይወጣል። ሰርግ በማንሳት ሳንቲም ያጠራቀመ ጀማሪ ልጅ እዚህ ሱቅ ቢገባ ምን እንደሚያደርጉት አስቡት።

እንግዲህ የፈተናችሁትን ዕቃ ራሱን ይዛችሁ ውጡ። የታሸገ ካመጡላችሁ ብር ሳትሰጡ ተከፍቶ ይፈተን። ካሜራው ኤም (ሁሉንም በእጅ የምታስተካክሉበት) ላይ ይሁን፣ አውቶ አይኤስኦ ይጥፋ፣ ፎከሱን ፊልተሩ ሳይገጠም ያዙ። 1/125 ከነበረ 8 ሰከንድ፣ 1/60 ከነበረ 16። ዲኤስኤልአር ከሆነ ቪውፋይንደሩን (በዓይን የምታዩበትን ቀዳዳ) ሸፍኑት፣ በዚያ ብርሃን ይገባል። ደረሰኙ ላይም «ኤንዲ 1000፣ 10 ስቶፕ» ተብሎ ይጻፍላችሁ፤ የኔው ላይ የተጻፈው «የካሜራ ዕቃ» ብቻ ነው።