ማግኔት ስር የሚንጠለጠለው ዲስክ፦ የሱፐርኮንዳክተር ኪቱን ሞከርኩት

ለልጄ የሳይንስ ፕሮጀክት ብዬ ያዘዝኩት ኪት ነው። ሱፐርኮንዳክተር ማለት በጣም ሲቀዘቅዝ ኮረንቲን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያሳልፍ ነገር ነው። ካርቶኑ ውስጥ ከስኒ አፍ ትንሽ የምታንስ ጥቁር ዲስክ፣ የኒዮዲሚየም ማግኔቶች፣ የፎም ሳህንና የፕላስቲክ መቆንጠጫ አለ። ፈሳሽ ናይትሮጅኑ አብሮ አይመጣም፤ እኔ የብየዳ ጋዝ ከሚሸጥ ሱቅ ነው ያስቀዳሁት። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነውና መስኮት ክፈቱ፣ ዕቃውን ደግሞ በፍጹም አትክደኑት።

ዲስኩን ማግኔቱ ላይ በቀጭን ካርቶን ደግፋችሁ አቀዝቅዙት። ናይትሮጅኑ መንተክተኩን ሲተው ካርቶኑን ሳብ አድርጉ። ዲስኩ እዚያው አየር ላይ ይቀራል! በመቆንጠጫው ነካ ስታደርጉት ወደ ቦታው ይመለሳል። ማግኔቱን ብትገለብጡት እንኳ ዲስኩ ከስሩ ተንጠልጥሎ ይቆያል። ልጄ «አባዬ፣ ተጣብቆ ነው?» ብላ በመሃላቸው ወረቀት አሳለፈች። ወረቀቱ አለፈ።

መመሪያው ታዲያ ይህን ሁሉ «ሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ስለሚገፋ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይሄ በጣም አናደደኝ። መግፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲገለበጥ ይወድቅ ነበር። መግፋቱማ በ1933 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ማይስነርና ኦክሰንፌልድ ያገኙት እውነት ነው፤ እንደ እርሳስ ያለ ንጹሕ ብረት የማግኔት መስክን ከውስጡ ያስወጣል፣ መስኩ ሲበረታበት ግን ባንዴ እጅ ይሰጣል፤ እርሳስ ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ መስኩ 0.08 ቴስላ (የማግኔት መስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) አካባቢ ሲደርስ አበቃለት። የእኛ ዲስክ ግን ኢትሪየም፣ ባሪየምና መዳብ ያለበት ሴራሚክ ነው። መስኩ ሲጠነክርበት በቀጫጭን ክሮች መልክ ያስገባዋል፣ በየክሩ ዙሪያ ኮረንቲ ይሽከረከራል፣ የቀረው አካሉ ሱፐርኮንዳክተር እንደሆነ ይቆያል። ክሮቹ ሴራሚኩ ውስጥ ያሉ እንከኖች ላይ ተይዘው ስለሚቀሩ ነው ዲስኩ ቦታውን የማይለቀው። የክሮቹን ነገር የፊዚክስ ሊቁ አብሪኮሶቭ በ1957 በቀመር አሳይቶ በ2003 ኖቤል ተሸልሟል። የሆስፒታል ኤምአርአይ ውስጥ ያለው የኒዮቢየም ታይታኒየም ሽቦም 1.5 ወይም 3 ቴስላ የሚችለው በዚሁ ጠባዩ ነው። ልጆች መስማት ያለባቸው ይሄንን ነበር።

ሌላው ቅሬታዬ፣ ዲስኩ ውሃ አይወድም። ከናይትሮጅኑ ሲወጣ አመዳይ ይለብሳል፣ አመዳዩ ሲቀልጥ ይረጥባል። መመሪያው ስለማድረቅ አንድ ቃል የለውም፤ የመጀመሪያው ዲስኬ ጠርዙ መርገፍ ጀመረ፣ የመያዝ አቅሙም ደከመ። ሻጩ ያለ ክርክር ሌላ ላከልኝ። አሁን ሁልጊዜ በፀጉር ማድረቂያ ቀስ ብዬ አደርቀውና ጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር አስቀምጠዋለሁ።

ከአምስት አራት ኮከብ። አምስተኛውን መመሪያው ሲስተካከል እጨምራለሁ።